ዝናብ የሚያስርብበት አገር፦ አምስት ቀን በስቫልባርድ

አርብ፣ ሰኔ 27

ሻንጣዬ አልመጣም።

ከኦስሎ የተነሳው አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን በርሮ ሎንግየርቢየን አረፈ። ኤርፖርቱ ትንሽ ነው። ሻንጣ የሚዞርበት ቀበቶ መሐል ላይ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ነጭ ድብ አለ። የሰዉ ሻንጣ ሁሉ ድቡን እየዞረ ወጣ። እኔና ድቡ ብቻ ቀረን። እዚያ የምትሠራውን ልጅ ብጠይቃት ስልኳን አየችና «ምናልባት ነገ፣ ምናልባት ሰኞ» አለችኝ። ሻንጣው ውስጥ ወፍራም ጃኬቴና ቡትሴ አሉ። ከነሱ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሽሮው ነው። የሰኔ ጾም ስለሆነ አንድ ኪሎ ሽሮና በሶ ይዤ ነበር። በምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ ያለው ሁሉ ሥጋና ዓሣ እንደሚሆን ገምቼ ነው። ግምቴም ልክ ነበር።

ስቫልባርድ በኖርዌይና በሰሜን ዋልታ መካከል ያለ ደሴቶች የተሰባሰቡበት ምድር ነው። ዋናዋ ከተማ ሎንግየርቢየን 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ተቀምጣለች። ነዋሪዋ 2,500 ገደማ ነው፤ ከ50 ያህል አገር የመጣ። በ1906 (ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) አንድ አሜሪካዊ የከሰል ድንጋይ ሊቆፍር መጥቶ የቆረቆራት ናት። ዛሬም ሰው ቤት፣ ሆቴል፣ ሙዚየም ስትገባ ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ። የከሰል አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የጀመሩት የማዕድን ሠራተኞቹ ናቸው። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቴ ጋ ቀዳዳ ነበረው። ቅያሪው ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ነው።

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ሳቀች፣ ከዚያ አዘነችልኝ። አንድ እንግዳ ረስቶት የሄደውን ጃኬት ከቁም ሳጥን አወጣችልኝ። እጅጌው ያጥራል፤ ይሞቃል ግን።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ ስልክ ስታነሳ ሁልጊዜ የምትጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው።

«ዝናብ አለ?»

«የለም እማዬ፣ ፀሐይ ነው።»

«አሁን? በዚህ ሌሊት?»

«እዚህ ፀሐይ አትገባም።»

ትንሽ ዝም አለች። «ልጄ፣ ደህና ነህ?»

ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን የለም። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር የታሰረ መሆኑ እንደ ዛሬ ገርሞኝ አያውቅም። 12 ሰዓት ስንል ወጣች ወይም ገባች ማለታችን ነው። እዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አትገባም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። ባዶው መንገድ ላይ ፀሐይ ፏ ብላለች። ሁለት ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ዛሬ የሄድነው አድቬንትዳለን የሚባለው ሰፊ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስድስት ሰዎች ነን። አስጎብኚያችን ከትሮምሶ የመጣች ወጣት ናት። ትከሻዋ ላይ ጠመንጃ፣ ወገቧ ላይ ርችት የሚተኩስ ሽጉጥ። ከከተማ ስትወጣ ድብ የምታባርርበት ነገር መያዝ ግዴታ ነው። ጀርመኖቹ ጠመንጃውን ፎቶ አነሱ። መንዝ ላደገ ሰው ጠመንጃ ያነገተ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ሴት ልጅ መሆኗ ነው ትንሽ የገረመኝ።

ከከተማው መውጫ ላይ ነጭ ድብ የተሳለበት ምልክት ቆሟል። ከሥሩ «በመላው ስቫልባርድ» ይላል። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የትም ልትገናኙ ትችላላችሁ ነው ነገሩ።

ከምልክቱ አቅራቢያ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች የሚያድሩበት ግቢ አለ። ውሾቹ ታስረው ይጮኻሉ። ከአጥሩ ጥግ፣ ከውሾቹ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ፣ አይደር የሚባሉት የባሕር ዳክዬዎች እንቁላላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። በደርዘን ይቆጠራሉ። አንዷን ተጠግቼ አየኋት። ከደረቷ የነቀለችውን ለስላሳ ላባ እንደ ፍራሽ ዙሪያዋን ጎዝጉዛዋለች። አንድ ትልቅ ውሻ ሰንሰለቱን ወጥሮ ያጓራል፤ እሷ ዓይኗን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። እንቁላል የሚሰርቀው የአርክቲክ ቀበሮ ውሻ ስለሚፈራ እዚህ አይደርስም። ውሻው ታስሯል። ዳክዬዋ ሁለቱንም ታውቃለች።

እኔን ግን ያጠቃኝ ሌላ ነው። ከመንገዱ ዳር በድንገት አንዲት ቀጭን ነጭ ወፍ እየጮኸች ተወርውራ አናቴን ነካችኝ። ተርን ትባላለች። እንቁላሏን መሬት ላይ ስለምትጥል የቀረበውን ሁሉ ከላይ ትወጋለች፤ የምትመርጠው ከፍ ያለውን ነገር ነው። አስጎብኚዋ ዱላዋን ከራሷ በላይ ሰቀለች፣ ወፏም ዱላውን መታች። ክብደቷ መቶ ግራም ያህል ነው። እዚህ ብርሃኑ ሲያልቅ ምድርን አቋርጣ ደቡብ ዋልታ ትወርዳለች፤ በዓመቱ ትመለሳለች። ከሷ የበለጠ ፀሐይ የምታይ ፍጡር አለች ለማለት ይቸግራል። አናቴ ላይ የጣለችብኝን ግን አልረሳላትም።

ከዚያ ወደ ሜዳው ገባን።

ቱንድራ ማለት ዛፍ የሌለበት ቀዝቃዛ ምድር ነው ብለን ተምረናል። እግሬ የነገረኝ ሌላ ነው። መሬቱ ስፖንጅ ነው። ትረግጠዋለህ፣ ይሰምጣል፣ ውሃ ይተፋል፣ መልሶ ያነሳሃል። በተዋስኩት ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ራስኩ። የሚገርመው እዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዝናብ መጠን ከሄድን በረሃ ነው። አስጎብኚዋ ቀጭን የብረት ዘንግ አውጥታ መሬቱ ውስጥ ሰካች። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ገባላትና ግማሽ ሜትር ላይ ኳ ብሎ ቆመ። ከዚያ በታች ፐርማፍሮስት ነው፤ ከዓመት ዓመት የማይቀልጥ የቀዘቀዘ አፈር። ሸለቆው ውስጥ መቶ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ተራራው ሥር ከ400 ሜትር በላይ የሚደርስበት አለ። ውሃው ወደ ታች መሄጃ ስለሌለው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ቤቶቹም በእንጨትና በብረት ምሰሶ ላይ የቆሙት ለዚሁ ነው። የቤቱ ሙቀት አፈሩን ካቀለጠው ቤቱ ራሱ ይሰምጣል።

«ዛፉን እየረገጥከው ነው» አለችኝ።

ወደ ታች አየሁ። ቅጠሉ ከጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ግንዱ ሞስ በሚሉት ምንጣፍ መሰል ለስላሳ ተክል ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል እንጂ አይቆምም። የዋልታ አኻያ ነው። አኻያ! ወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ በዳዊት መዝሙር መሰንቆ የተሰቀለበት። በዚህኛው ላይ የክብሪት እንጨት እንኳ አይሰቀልም። ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ንፋሱ ከዚያ በላይ ቀና ያለውን ሁሉ ስለሚላጭ ዝቅ ብሎ ይኖራል። በሆዴ ተኝቼ ሳየው አየሩ እውነትም ይለያል፤ ፊቴ ላይ ይነፍስ የነበረው መሬቱ ጋ ሲደርስ ጸጥ ይላል። አጠገቡ እንደ ትራስ ጉብ ያለ ሮዝ አበባ አለ። በአንድ ጎኑ አብቧል፣ በሌላው ገና ነው። ያበበው ደቡብ የሚያየው ጎን ነው አለችን።

የመንዙን ደጋ፣ ጓሳን አሰብኩ። ጓሳ ላይ ጅብራው ማታ ማታ ቅጠሉን ይሰበስባል፤ ውርጩ በየሌሊቱ ይመጣል፣ ፀሐዩም በየጠዋቱ። የእኛ ደጋ ብርድና ሙቀቱን በአንድ ቀን ውስጥ ያያል። የዚህ አገር ዕፅዋት ሌሊታቸው ወራት ነው፣ ቀናቸውም ወራት። ለማበብ፣ ለማፍራት ያላቸው ስድስት፣ ሰባት ሳምንት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሁሉም ነገር የቸኮለ የሚመስለው።

ሬንዲሮቹን ያገኘናቸው ተመልሰን ስንመጣ ነው። ሬንዲር የበረዶ አገር አጋዘን ነው። የስቫልባርዱ ደግሞ ለብቻው የሆነ ዘር ነው፤ አጭር እግር፣ ክብ ሆድ። ከሩቅ በግ መስሎኝ ነበር። አንዲት እናት ከግልገሏ ጋር ሃያ ሜትር ያህል ቀረበችን። የዊንተሩ ጸጉር እየረገፈላት ነው። ጎኗ ላይ እንደ ተቦጨቀ ፍራሽ ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ አየችንና ሳሯን ቀጠለች። ስትግጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጭር፣ ጭር፣ ጭር።

(ስለ ወቅት ስም አንድ ነገር። ሐምሌ ለእኛ ክረምት ነው፣ ለነሱ ሞቃቱ ጊዜ። «በጋ» ብል የመሐል ሜዳ ሰው ጥር ይመስለዋል። ስለዚህ እንደ ኦስሎ ሐበሻ ሰመርና ዊንተር እላለሁ፤ ይቅርታ።)

ትንሽ አለፍ ብሎ አጥንት አገኘን። ቀንድ ያለው የራስ ቅልና የጎድን አጥንት ነው። ዙሪያው ያለው ሳር ከሌላው ይልቅ አረንጓዴ ነው፤ የሞተው ለአፈሩ ማዳበሪያ ሆኖ። አስጎብኚዋ መንጋጋውን ሳታነሳው በጣቷ አሳየችን።

«ምን ገደለው? ድብ?» አልኩ።

«ዝናብ» አለች።

አስደገምኳት። ነገሩ እንዲህ ነው። በዊንተር ሬንዲሩ በረዶውን በኮቴው ጭሮ ከሥር ያለውን ሳርና ሞስ ይበላል። ደረቅና ለስላሳ በረዶ ምንም አያስቸግረውም። አሁን አሁን ግን በጥርና በየካቲት ጭለማ መሐል ሞቃት አየር ከደቡብ ይመጣና ዝናብ ይጥላል። ዝናቡ በበረዶው ውስጥ ሰርጎ የቀዘቀዘው መሬት ላይ ሲደርስ እንደ መስታወት ይጋገራል። ምግቡ እዚያው ከሥር ነው፣ ኮቴ ግን አይሰብረውም። ገደል የሚወጣ አለ። ባሕር ዳር ወርዶ የባሕር አረም የሚበላ አለ። ግልገሎቹና ያረጁት ይሞታሉ። በዚያ ዓመት ቀበሮው ይጠግባል።

ዝናብ ሲባል እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከብት በዝናብ እጦት ሲያልቅ ሰምቻለሁ። በዝናብ መምጣት ተርቦ የሞተ እንስሳ አጥንት ላይ ግን ቆሜ አላውቅም።

ያም ሆኖ ሬንዲሩ እየጠፋ አይደለም። በ1925 መታደኑ ከተከለከለ ጀምሮ አገግሟል፤ ሰመሩ እየረዘመ ሳሩም ስለበዛ ዛሬ 22,000 ያህል ይገመታል። ሙቀቱ በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ይነሳል። ማን እንደሚያሸንፍ ለመናገር የቸኮለ ሰው እዚህ አላገኘሁም።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ጀልባ። ብዙ አልጽፍም፤ ግማሹን መንገድ ጭንቅላቴን ባልዲ ውስጥ ከትቼ ነው የሄድኩት። ባዶ ሆድና ማዕበል አይስማሙም።

የፍዮርዱ (በተራሮች መሐል ወደ የብስ የገባው ባሕር) አፍ ላይ አልክሆርኔት የሚባል ገደል አለ። መጀመሪያ ሽታው ደረሰን፣ ከዚያ ጩኸቱ፣ ከዚያ ገደሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁርና ነጭ ወፎች በየጠርዙ እንደ ታክሲ ሰልፍ ተደርድረዋል። ጊልሞት የሚባሉት ጎጆ አይሠሩም። አንድ እንቁላል ባዶው ድንጋይ ላይ ትጥላለች፣ አለቀ። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ገና መብረር ሳይችል ከገደሉ ይዘላል። አባቱ ከታች ባሕሩ ላይ ይጠብቀዋል። አባት ሆኖ ከታች «ና፣ ዝለል» ማለት ምን ዓይነት አንጀት ይጠይቃል ብዬ አሰብኩ፤ ምናልባት የባሕሩ ሕመም ነው ያሳሰበኝ።

ከገደሉ ሥር ያለው ሜዳ ግን ዓይን ይወጋል፤ አረንጓዴ ነው። ወፎቹ ከባሕር የበሉትን ሁሉ እዚያ ያራግፉበታል። ግራጫው ምድር መሐል ያለች የእርሻ ማሳ ትመስላለች። በባይኖኩላር አንድ ቡናማ ነገር ሲሮጥ አየሁ። የአርክቲክ ቀበሮ ነው፤ አፉ ውስጥ እንቁላል ይዟል። የእኛ ቀይ ቀበሮ ግማሽ አይሆንም።

ድቡን ያየነው ስንመለስ ነው፤ ካየነው። ካፒቴኑ ሞተሩን አቀዘቀዘና ወደ ባሕር ዳር ጠቆመ። ድንጋዮቹ መሐል ያደፈ ጋቢ የመሰለ ነገር ተኝቷል። ነጭ አይደለም፤ ቢጫ ነው። አንዴ ራሱን አነሳ፣ መልሶ አስተኛ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከ300 ሜትር በታች መቅረብ ሕግ ይከለክላል፣ በፈረንጆቹ ከማርች እስከ ጁን መጨረሻ ደግሞ 500 ነው። ስለዚህ አልቀረብንም። አንዲት ሴትዮ ፎቶው ምንም አልወጣላትምና ተበሳጨች። ድቡ አቆስጣ የሚሏትን የባሕር እንስሳ የሚያድነው በባሕር በረዶ ላይ ቆሞ ነው። እዚህ ምዕራብ ዳርቻ ላይ በረዶው እየቀነሰ ስለሆነ በሰመር የዳክዬና የዝይ እንቁላል የሚበላ ድብ በዝቷል አለን ካፒቴኑ። ያንን የሚያህል አካል፣ እንቁላል በቁና ካልተሰፈረለት በምን ይጠግባል?

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ጉም። ካፊያ። 5 ዲግሪ። ሻንጣዬ መጣ!

ማለዳ ሙዚየም ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ (አዲስ ካልሲ!)፣ ወጣሁ። ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የናዳ መከላከያ አጥር ተተክሏል። በታኅሣሥ 2015 ከዚህ ተራራ የወረደ የበረዶ ናዳ ቤቶችን ከመሠረታቸው ነቅሎ ሁለት ሰው ገድሏል። የመጨረሻው የኖርዌይ የከሰል ማዕድን በ2025 ተዘጋ። ከተማዋን የፈጠረው ነገር አለቀ፤ አሁን የምትኖረው በእኔ ቢጤ እንግዳና በተማሪ ነው።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ የዘር መጋዘኑ ጋ ሄድኩ። ለጎብኚ አይከፈትም። ተራራው ውስጥ የተሰካ ጠባብ የኮንክሪት በር ነው የምታየው። በ2008 ተከፈተ። ውስጡ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ ከመላው ዓለም የመጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዘር ናሙና አለው። አዲስ አበባ ካለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም የዘር ባንክ የተላከ የመኖ ዘርም አለበት። ማሽኑ ቢጠፋ እንኳ ፐርማፍሮስቱ ያቆየዋል ተብሎ ነው ተራራው የተመረጠው። በጥቅምት 2016 ግን ሙቀትና ዝናብ ሆነና ውሃ መግቢያው ዋሻ ውስጥ ገባ። ዘሩ አልተነካም፤ መግቢያውን ግን እንደገና ሠሩት። እዚያ በር ላይ ካፊያ እየወረደብኝ ቆሜ፣ የቅዳሜው መንጋጋ ትዝ አለኝ። እዚህ አገር ዝናብ የማይገባበት ቦታ የለም።

ማታ ሽሮ ሠራሁ። በጋራ ማብሰያው ሽንኩርት ሲቁላላ ባለቤቷ ከላይ ወረደች። «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። እንጀራ የለም፤ በነሱ ጥቁር ዳቦ እያጠቀስን በላን። ሁለት ጊዜ ጨመረች። ለመንገድ ያሰብኩት በሶ ብቻ ቀረኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ኤርፖርት ሆኜ ደወልኩላት።

«ዝናብ አለ?»

«ትናንት ነበር፤ ካፊያ። እዚያስ?»

«ተመስገን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አደረ። ጓሮው ጭቃ በጭቃ ነው።»

ስለ ሬንዲሮቹ ነገርኳት። በረዶው ላይ ስለሚዘንበው ዝናብ፣ እንደ መስታወት ስለሚጋገረው መሬት፣ ስለ አጥንቱ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከበስተጀርባዋ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ይሰማኛል።

«ታዲያ ድርቆሽ አይከምሩላቸውም?»

«የማንም አይደሉም እማዬ። የዱር ናቸው።»

«ይሁኑ። እያዩዋቸው?»

አስጎብኚዋን ይህን አልጠየቅኋትም ነበር። የመሳፈሪያ ጥሪው ተጠራ። እናቴ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ድርቆሹ በስንት አህያ እንደሚሄድ ትጠይቀኛለች።